የቀኙ ወንበር፦ የአሜሪካ የእንፋሎት ባቡሮችና የዛሬ ነጂዎቻቸው

መጀመሪያ እሳቱ ይለኮሳል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። የግፊት መለኪያው መርፌ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ከሰል ትጨምራለህ፣ የአየር ማስገቢያውን ትከፍታለህ፣ የውሃውን ልክ በሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ላይ ዓይንህን ትተክላለህ፣ ደግሞ ትጠብቃለህ። መርፌው መነሳት ሲጀምር አንተም ከወንበርህ ትነሳለህ። ፍሬኑን ለቀህ የእንፋሎቱን እጀታ ቀስ አድርገህ ስትስብ፣ ከመቶ ቶን በላይ የሆነው ብረት አንዴ በረጅሙ ተንፍሶ ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከሰሉ ከሰል አይደለም፤ እጅም አያጠቁርም።

እኔ የመጀመሪያዬን ባቡር ያፈነዳሁት ዳገት ጨርሼ ነው። ሽቅብ ስወጣ ውሃው ወደ ኋላ ተሰብስቦ ቱቦው ሙሉ መስሎ ይታየኝ ነበር። ጫፉን አልፌ ቁልቁል ስጀምር ውሃው ወደ ፊት ሸሸ፤ የእሳት ምድጃው ጣሪያ ውሃ ሳይሸፍነው ቀረ። ምድጃው ላይ ውሃ ከሌለ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ይለቃል። ስክሪኑ ጨለመ። ጌም ነውና ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ እንደገና ጀመርኩ። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ስህተት የሠሩ ሰዎች ሁለተኛ ዕድል አላገኙም።

ታዲያ ከሥልሳ ዓመት በፊት ከሥራ የወጣን ማሽን፣ ያውም የአሜሪካን፣ ሰዎች ዛሬ ማታ ማታ ቁጭ ብለው የሚነዱት ለምንድን ነው? ናፍቆት ነው እንዳንል፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የተወለዱት ባቡሮቹ ከተቆራረጡ በኋላ ነው። ያላዩትን ነገር እንዴት ይናፍቃል ሰው? መልሱን ለማግኘት ወደ ማሽኑ መመለስ ያስፈልጋል።

ከስሙ እንጀምር። እኛ «ባቡር» የምንለው ቃል በአረብኛ በኩል የደረሰን ሲሆን፣ ሥሩ ፈረንሳዮች «ቫፐር»፣ ጣሊያኖች «ቫፖሬ» የሚሉት ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ ሐዲድ ሳይኖረው «ሰርኪስ ባቡር» የተባለውም ለዚሁ ነው፤ በእንፋሎት ስለሚሠራ። ስለዚህ «የእንፋሎት ባቡር» ስንል በጥሬው «የእንፋሎት እንፋሎት» እያልን ነው። ሌላው ዓለም ማሽኑን በሐዲዱ ወይም በመጎተቱ ሲጠራው፣ በእኛ አፍ የቀረው ትንፋሹ ነው።

አሠራሩ ለማንም ቤት እንግዳ አይደለም። ጀበና ሲፈላ በአፉ የሚገፋውን እንፋሎት ያየ ሰው ግማሹን ተረድቶታል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ቦታ ይጠብበዋል፤ መውጫ ካጣ ይገፋል። ያንን ግፊት በሲሊንደር ውስጥ ፒስተን እንዲገፋ ካደረግከው፣ ፒስተኑን ደግሞ በዘንግ ከጎማው ጋር ካገናኘኸው ባቡር ሆነ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ «ቹፍ» የሚለውን ድምፅ ያሰማል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ የምድጃውን አየር ወደ ፊት ይስባል፣ እሳቱም ይነዳል። ባቡሩ በደከመ ቁጥር የበለጠ ይተነፍሳል፤ በተነፈሰ ቁጥር እሳቱ ይበረታል። ማሽን ሆኖ እንዲህ እንደ እንስሳ የሚሠራ ነገር ብዙ የለም።

ይህን ማሽን የፈለሰፉት እንግሊዞች ናቸው፤ አሜሪካኖች ግን አገዘፉት። ምክንያቱ ጉራ ብቻ አይደለም። አገሩ ሰፊ ነው፣ ድልድዩና ዋሻው ከእንግሊዝ ይልቅ ሰፋና ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ ትልቅ ባቡር ያሳልፋል፣ ከሰሉ ሞልቷል፣ ጭነቱም ማለቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. ግንቦት 10 ቀን ዩታ ውስጥ ፕሮሞንተሪ ሰሚት በተባለ ቦታ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሐዲዶች ሲገጥሙ (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ በአንድ ጉዞ ምን ያህል መጎተት ይቻላል?

የመልሱን ታሪክ የባቡሮቹ ዓይነት ስሞች ይነግሩናል። አሜሪካኖች ባቡርን በጎማ ቁጥር ይጠሩታል፦ ፊት ያሉት መሪ ጎማዎች፣ መሐል ያሉት ገፊዎች፣ ኋላ ያሉት ደጋፊዎች። 2-8-2 የሚባለው ዓይነት «ሚካዶ» ተባለ፤ ምክንያቱም በ1897 የፊላደልፊያው የባልድዊን ፋብሪካ ለጃፓን የባቡር ኩባንያ ሠርቶ ስለላከው ነው። ሚካዶ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት መጠሪያ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣና ጃፓን ጠላት ስትሆን፣ አንዳንድ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ስሙን «ማክአርተር» ብለው ቀየሩት። ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። ይህ ዓይነት ቆንጆ አልነበረም፤ ሠራተኛ ነበር። በሲሙሌተር ዓለምም ዕድሉ እንደዚያው ነው፦ «ዲሬይል ቫሊ» የተባለው ጌም ለተጫዋቾቹ ትልቅ የእንፋሎት ባቡር ሲሰጥ የመረጠው 2-8-2 ነው።

ለውበት የተሠሩም ነበሩ። የኒውዮርክ ሴንትራል ኩባንያ በ1927 ያወጣው 4-6-4 በሐድሰን ወንዝ ዳር ስለሚሮጥ «ሐድሰን» ተባለ፤ ኩባንያው በጠቅላላው 275 አሠራ። በ1938 ንድፍ አውጪው ሄንሪ ድራይፈስ ለኒውዮርክና ቺካጎ ፈጣን ባቡር ከእነዚህ ለአንዳንዶቹ የጥንት ተዋጊ ቁር የመሰለ ግንባር አለበሳቸው። የፔንስልቬንያ ኩባንያ ደግሞ በሬይመንድ ሎዊ ንድፍ ሻርክ የሚመስል አፍንጫ ያለውን «ቲ1» ሠራ፤ ሁለት ለሙከራ፣ ሃምሳ ደግሞ በ1945 እና በ1946፣ በድምሩ 52።

ከሁለቱ ዛሬ ስንት የቀረ ይመስላችኋል? አንድም። 275ቱም የኒውዮርክ ሴንትራል ሐድሰኖች፣ 52ቱም ቲ1ዎች ተቆራርጠው ለብረት ተሸጡ። ቲ1ን ለማየት የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ ፎቶ፣ አሻንጉሊት፣ ወይም ሲሙሌተር ነው። የአድናቂዎች ማኅበር ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ተነስቶ አዲስ ቲ1፣ ቁጥሩ 5550 የሆነ፣ ከባዶ መሥራት ጀምሯል፤ የቀድሞው መጨረሻ ቁጥር 5549 ስለነበር ማለት ነው። የተቋረጠ ቆጠራ መቀጠላቸው ነው።

ስለ ግዝፈት ከተነሳ ግን ሁሉም ሰው የሚጠራው «ቢግ ቦይ»ን ነው። የዩኒየን ፓሲፊክ ኩባንያ ከኦግደን ተነስቶ የዋሳች ተራሮችን ሲሻገር በየመቶ ሜትሩ ከአንድ ሜትር በላይ የሚነሳ ረጅም ዳገት ነበረበት። ጭነት ሲበዛ ሁለተኛ ባቡር መደረብ ግድ ነበር፤ ሁለተኛ ባቡር ማለት ሁለተኛ ሠራተኛ፣ ሁለተኛ ወጪ፣ ማያያዝና መፍታት ማለት ነው። ኩባንያው 3,600 ቶን ብቻውን የሚያወጣ ማሽን ፈለገ። በኒውዮርክ ግዛት ስኬነክተዲ ከተማ የሚገኘው አልኮ ፋብሪካ በ1941 ሃያ፣ በ1944 ደግሞ አምስት ሠራለት። ከነከሰልና ውሃ መጫኛው ርዝመቱ 40 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 540 ቶን ገደማ ነው። ገፊ ጎማዎቹ ብቻ አሥራ ስድስት ናቸው። ስሙን ያወጣለት ባለሥልጣን አይደለም፤ ስሙ ያልታወቀ የፋብሪካው ሠራተኛ ግንባሩ ላይ በጠመኔ «ቢግ ቦይ» ብሎ ጻፈበት፣ በዚያው ቀረ። «ትልቁ ልጅ» እንደማለት ነው።

ይህን የሚያህል ነገር ኩርባ እንዴት ይዞራል? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሰፈራችን ይጠጋል። አናቶል ማሌ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ በ1884 መላ አመጣ፦ ጎማዎቹን ሁለት ቦታ ከፍሎ የፊተኛውን እንደ በር በማጠፊያ ማያያዝ። ባቡሩ ኩርባ ሲደርስ ፊቱ ቀድሞ ይታጠፋል። ማሌ ያሰበው ለጠባብና ጠመዝማዛ የተራራ ሐዲድ ነበር፤ ከምፅዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ተጠማዞ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ለሚወጣው ሐዲድ ጣሊያኖች ያመጡትም ይህንኑ ዓይነት ነው። አሜሪካኖች ግን ሐሳቡን በ1904 ወስደው እያገዘፉት ሄዱ፣ ቢግ ቦይ ላይ ደረሱ። ማሌ አንዱን እንፋሎት ሁለቴ ያሠራው ነበር፤ ቢግ ቦይ ለሁሉም ሲሊንደሮቹ ትኩስ እንፋሎት ይሰጣል። ማጠፊያው ግን ያው የማሌ ነው። የአስመራው ባቡር ከቢግ ቦይ ጎን ቢቆም ጫጩት ነው የሚመስለው፤ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

መጨረሻቸው ፈጥኖ መጣ። በ1939 ጄኔራል ሞተርስ «ኤፍቲ» የተባለውን የዲዝል ባቡር አሜሪካን እንዲዞር ለቀቀው፤ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ከ80 ሺህ ማይል በላይ ሄደ። ዲዝል በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ውሃ አይጠይቅም። አመድ አይጠረግለትም። ጠዋት ለመነሳት ሌሊቱን ሙሉ እሳት አይለኮስለትም። ሦስትና አራት አያይዞ አንድ ሰው ይነዳቸዋል። የሒሳብ ባለሙያ ለሆነ ሰው ውሳኔው ከባድ አልነበረም። ቢግ ቦይ ለገንዘብ የጎተተበት የመጨረሻ ጊዜ 1959 ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ብቻ መሥራቱ ነው። የመጨረሻው ትልቅ የእንፋሎት ኩባንያ፣ ከሰል አመላላሹና ባቡሮቹን በራሱ ፋብሪካ ሮአኖክ ከተማ የሚሠራው ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን፣ በ1960 እሳቱን አጠፋ።

ይህ ኩባንያ አንድ ዕድል አጋጥሞታል። ኦ. ዊንስተን ሊንክ የሚባል የኒውዮርክ ፎቶ አንሺ ከ1955 ጀምሮ በራሱ ገንዘብ እየተመላለሰ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ቀረጸ። የሚያነሳው በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ የፍላሽ አምፖሎችን በሽቦ አያይዞ ባቡሩ ሲያልፍ በአንዴ ያበራቸዋል። በ1956 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ባነሳው ፎቶ፣ መኪና ውስጥ ተቃቅፈው የሜዳ ሲኒማ የሚያዩ ወጣቶች ከፊት፣ ስክሪኑ ላይ አውሮፕላን፣ ከጀርባ ደግሞ ነጭ እንፋሎት እየተፋ የሚያልፍ ባቡር ይታያል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የዘመኑ ሰው ባቡሩን እንዴት እንደሸኘው ከዚህ የበለጠ የሚናገር ማስረጃ አላውቅም። ሊንክ ፎቶ ብቻ አላነሳም፤ ድምፁንም ቀድቶ በሸክላ አሳትሟል። ዲዝል ሳይተካቸው በፊት ፊሽካቸውን፣ ዳገት ላይ ማቃሰታቸውን ይዞ አስቀረ።

እንግዲህ ወደ ተጫዋቾቹ እንመለስ። በ2001 ማይክሮሶፍት «ትሬን ሲሙሌተር»ን፣ አውስትራሊያውያን ደግሞ «ትሬንዝ»ን አወጡ። የማይክሮሶፍቱ ከገበያ ከወጣ በኋላ ፈቃደኛ ባለሙያዎች «ኦፕን ሬይልስ» የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሠርተው፣ ሰዎች ለዓመታት የሠሯቸው ሐዲዶችና ባቡሮች እንዳይሞቱ አደረጉ። «ሬይልሮደር» የተባለው ጌም በ2023 ሲመጣ ተጫዋቹን በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ውስጥ የትንሽ ኩባንያ ባለቤት አደረገው።

እነዚህን የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ፍጥነት አይደለም። ፍጥነት የሚፈልግ የመኪና ውድድር አለለት። ዲዝል ላይ እጀታውን ስትገፋ ኃይል ታገኛለህ፤ በቃ። እንፋሎት ላይ ግን አሁን የምትፈልገውን ኃይል ማሰብ የነበረብህ ከአሥር ደቂቃ በፊት ነው። ዳገቱ ከመድረሱ በፊት እሳቱ መበርታት አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ካስገባህ ግፊቱ ይወርዳል፤ ካላስገባህ ምድጃው ይጋለጣል። ሲነሳ እንፋሎቱ ለፒስተኑ ጉዞ በሙሉ ይገባል፤ ፍጥነት ሲይዝ ግን የአቅጣጫውን ዘንግ ወደ መሐል እየሳብክ እንፋሎቱን አሳጥረህ ትቆርጠዋለህ፤ የገባው ራሱን እየለጠጠ ይሠራል። ያንን የማያውቅ ሰው ከሰሉንም ውሃውንም ጨርሶ መሐል መንገድ ይቆማል። ይህ ዕውቀት መጽሐፍ ላይ አለ፤ መጽሐፍ አንብቦ ግን አይገባም። ሃያ ጊዜ ስትቆም ነው የሚገባህ።

ለዚህ ነው ነገሩ ጨዋታ ብቻ ያልሆነው። ማሽን ሁለት ጊዜ ይሞታል፦ አንዴ ሲቆራረጥ፣ አንዴ ደግሞ የሚያውቀው ሰው ሲሞት። ኤርትራ ውስጥ በጦርነቱ ዘመን የባቡሩ ሐዲድ ተነቅሎ ለምሽግ ሆኖ ነበር። ከነፃነት በኋላ መስመሩ እንዲጠገን ሲወሰን የተጠሩት ጡረታ የወጡት አዛውንት ሠራተኞች ናቸው፤ በእነርሱ እጅ ሥራው በ2003 አስመራ ደረሰ። ብረቱ በየሜዳው ተገኝቷል፤ የጠገነው የሽማግሌዎቹ እጅ ነው። ዩኒየን ፓሲፊክም ሙዚየም የቆመውን ቢግ ቦይ ቁጥር 4014 በ2013 መልሶ ወስዶ፣ ፈትቶ፣ በከሰል ፋንታ በዘይት እንዲነድ አድርጎ፣ በ2019 ፕሮሞንተሪ ላይ የሐዲዶቹ መግጠም 150ኛ ዓመት ሲከበር አንቀሳቀሰው። ከተሠሩት 25 ስምንቱ ተርፈዋል፤ የሚሄደው እርሱ ብቻ ነው። በየከተማው መንገድ ዳር የቆመውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ የዚያ የሲኒማ ሜዳ ወጣቶች የልጅ ልጆች ዞር ብለው ማየት እንደጀመሩ ይገባዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል።

የአሜሪካ ባቡር ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። ቀኙ የነጂው ነው፤ ግራው የከሰል ጨማሪው። በሕጉ ከሰል ጨማሪ ዓመታት ሠርቶ፣ ተምሮ፣ ወደ ቀኙ ይሻገራል። በደቡቡ ክፍል ግን ከሰል የሚጨምሩት ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ጥቁር ደግሞ አይሻገርም። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ከሰል ይጭራል፤ ከእርሱ መንገዱን የተማረው ነጭ ልጅ አለፎት ቀኝ ይቀመጣል።

በአሜሪካ ከታወቁት የባቡር ነጂዎች ሁሉ ዝነኛው ኬሲ ጆንስ ነው። በ1900 ሚያዝያ 30 ሌሊት ሚሲሲፒ ውስጥ የዘገየ የመንገደኛ ባቡር ሲያበር፣ ቮን በተባለች ጣቢያ ሐዲዱን ያልለቀቀ ጭነት ባቡር መጣበት። ፍሬኑን ይዞ ቀረ፣ ሞተ፤ ከእርሱ በቀር ማንም አልሞተም። ግራው ላይ የነበረው ሲም ዌብ ጥቁር ነው፤ ኬሲ «ዝለል» ስላለው ዘሎ ተረፈ፣ ታሪኩንም የነገረን እርሱ ነው። ስለ ኬሲ የመጀመሪያውን ዘፈን ያወጣው ዋላስ ሳውንደርስም ባቡር የሚወለውል ጥቁር ሠራተኛ ነበር፤ ከዘፈኑ ያተረፉት ግን ሌሎች ናቸው። አንዱ ጥቁር ከሰሉን ጨመረ፣ አንዱ ብረቱን ወለወለ፤ ስሙ የቀረው የቀኙ ወንበር ነው።

በኋላ ግራው ወንበርም አስቀናባቸው። ከሰሉን በማሽን የሚጨምር መሣሪያ መጣ፣ ዲዝልም ተከተለ፤ ሥራው ቆሻሻና አድካሚ መሆኑ ሲቀር ነጮች ፈለጉት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ከሰል ጨማሪዎች በሥራ ላይ እያሉ እየተተኮሰባቸው ተገደሉ። በ1941 ደግሞ ጥቁርን አባል የማያደርገው የከሰል ጨማሪዎች ማኅበር ከኩባንያዎች ጋር ውል ተፈራርሞ በወረቀት ገፋቸው። አላባማ ውስጥ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የሠራው ቤስተር ስቲል ቦታው ለእርሱ በታች ላሉ ነጮች ሲሰጥ ከሰሰ። ቻርልስ ሐሚልተን ሂዩስተን ጠበቃው ሆኖ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በታኅሣሥ 1944 ፍርድ ቤቱ «ማኅበሩ በሚወክላቸው ሠራተኞች መካከል በዘር ሊያዳላ አይችልም» የሚል ውሳኔ ሰጠ። ቢሆንም ጥቁሮቹን አባል አድርጉ አላለም። ሕጉ ሲከፈት ግን እሳቱ ሊጠፋ ቀርቦ ነበር፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የሚጨመር ከሰልም አልቀረም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሬ ልመለስ። ብዙዎቹ ሲሙሌተሮች ላይ ለጀማሪ የሚሆን አንድ ምርጫ አለ፤ ስትመርጠው ከሰሉንም ውሃውንም ጌሙ ራሱ ይቆጣጠርልሃል፣ አንተ እጀታውን ብቻ ትይዛለህ። «አውቶማቲክ ከሰል ጨማሪ» ይሉታል። ግራው ወንበር ባዶ ነው፤ ከሰሉ ግን በማይታይ እጅ ይገባል። ተጫዋች ክፉ ሆኖ አይደለም ይህን የሚመርጠው፤ ነገሩ ይቀላል። እኔም ለወራት እንዲያ ነው የነዳሁት፤ ያ የማይታይ እጅ የማን እንደነበር ሳልጠይቅ።

በጌሙ ውስጥ ቀኝ ለመቀመጥ ማንነትህን የሚጠይቅህ የለም። ከአዲስ አበባም ሆነ ከሜሪላንድ፣ ጠይምም ሆንክ ቀይ፣ ቢግ ቦይን አስነስተህ ዋሳችን ትወጣለህ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስቲል ሊያገኘው ያልቻለው ነው። ያም ሆኖ ምርጫውን ካጠፋሁት ሰነባብቷል። አሁን ከሰሉንም እኔው እጨምራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዳገቱ ግማሽ ላይ ግፊቱ ይወድቅብኛል፣ እቆማለሁ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን የውሸት ተራራ እያየሁ መርፌው እስኪነሳ እጠብቃለሁ። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው ከግራው ወንበር ሆኖ ሥራው ምን ያህል እንደነበር ትንሽም ቢሆን የገባኝ።